የባዶ ሜዳ አስጎብኚ

ደሴ ላይ ስታዲየም የሚያስጎበኝ መሥሪያ ቤት የለም። ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ የለም። ጨዋታ በሌለበት ቀን ሆጤ ሜዳ ዳር ቆም ብላችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ ግን ብዙ ሳትቆዩ አንድ ሰው አጠገባችሁ ይደርሳል። አልጠራችሁትም። «ምን ጠፋባችሁ?» ብሎ ይጀምራል። እንግዳ መሆናችሁን ሲያውቅ ፍጹም ቅጣት ምቱ የተሳተው በየትኛው ጎል እንደሆነ፣ ዳኛው በየትኛው በር ሹልክ እንዳለ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ በረኛው የራሱን ተከላካይ ያጣበትን ክረምት ሳይቀር ይተርክላችኋል። ሂሳብ አይጠይቅም። ቡና ብትጋብዙት እምቢ አይልም፤ አገሩ ወሎ ነውና ቡናውም አቦል ላይ አያበቃም።

ሌላው ዓለም ለዚህ ሰውዬ ደመወዝ ቆርጦለታል፤ አለዚያም በመሣሪያ ተክቶታል። ባርሴሎና ሙዚየሙን የከፈተው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ካምፕ ኑ ለግንባታ ከመዘጋቱ በፊት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እየከፈለ ይጎበኘው ነበር። ባዶ ሜዳ እኮ ነው! ኳስ የለ፣ ተጫዋች የለ። የማንቸስተሩ ኦልድ ትራፎርድ ጎብኚውን በቡድን በቡድን ከፍሎ ለአስጎብኚ ያስረክባል። የአርሰናሉ ኤምሬትስ ማዳመጫ ሰጥቶ «በፈለጋችሁት ፍጥነት ዙሩ» ይላል፤ ጨመር አድርጎ ለከፈለ ደግሞ የድሮ ተጫዋች ራሱ ይዞት ይዞራል። አንፊልድ ሁለቱን ቀላቅሏል፤ መሣሪያውንም ይሰጣል፣ በየቦታውም የሚያስረዳ ሰው ያቆማል።

እኔ በተፈጥሮዬ ብቻዬን መዞር የምወድ ነኝ። አስጎብኚ በያዘው ጉብኝት ሰዓቱ የእርሱ ነው። አንድ ነገር ፊት ቆማችሁ ልባችሁ እዚያው ሲቀር «በዚህ በኩል እንለፍ» ይላል፤ ከኋላ ሌላ ቡድን እየመጣበት ነው። ደግሞ ብዙ ዓመት ያስጎበኘ ሰው ንግግሩን ይሸመድደዋል። መሃል ላይ ጥያቄ ብትጥሉበት የተቋረጠበት ይጠፋውና ከመጀመሪያው ይነሣል። እንዲህ ያለው እግር ያበቀለ ቴፕ ነው፤ ከእርሱስ ዋናው ቴፕ ይሻላል፣ ቢያንስ ጉርሻ አይጠብቅም። ብቻውን የሚዞር ሰው ሲፈልግ ከመቀመጫዎቹ በአንዱ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ሳሩን ሲያይ ቢቆይ ማንም አይጎተጉተውም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስታዲየም ላይ ስደርስ ግን ሚዛኑ ያጋድልብኛል። ሙዚየም ውስጥ ቢያንስ ዕቃው አለ፤ ጋሻው ተሰቅሏል፣ ብራናው ተዘርግቷል። ስታዲየም ውስጥ ያለው ሳርና ሲሚንቶ ነው፤ ሰው ሊያይ የሄደው ነገር ዘጠና ደቂቃ ኖሮ አልፏል። የሌለን ነገር ለማየት ደግሞ ያየ ሰው ያስፈልጋል። ደሴዎች ይህን በክፉ መንገድ ተምረውታል። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል። ዕቃው ከተወሰደበት መደርደሪያ ፊት ለቆመ ጎብኚ የሚጠቅመው «እዚህ ጋ ይህ ነበር» ብሎ ቅርጹን በእጁ አየር ላይ የሚያሳየው ሰው ነው። ጆሮ ላይ የተሰካ መሣሪያ እጅ የለውም።

ለንደን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ኤምሬትስን የጎበኘው ማዳመጫ ይዞ ነው፤ ለነገሩ ማዳመጫው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የዋለው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቡና ላይ ለተሰበሰብነው በቪዲዮ ደወለልንና እየዞረ ያሳየን ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ማን ማንን እንደሚያስጎበኝ ጠፋ። «ወደ ውጭ ውጣና አንሪ የተንበረከከበትን ሐውልት አሳየን» ይላል አንዱ። «እሷ እኮ ቶተንሃም ላይ ከራሱ ሜዳ ጀምሮ ነድቶ ያገባት ጎል ናት፣ በፈረንጆቹ 2002» ይላል ሌላው፤ አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ ልጅ ነው። መልበሻ ቤት ሲደርስ የ2006ቱ (እ.ኤ.አ.) የቻምፒዮንስ ሊግ የፓሪስ ፍጻሜ ተነሣ፤ የአርሰናሉ በረኛ ሌማን በቀይ ካርድ ወጥቶ ባርሴሎና 2 ለ 1 ያሸነፈበት። ጥፋቱ የሌማን ነው፣ አይደለም፣ ብለን ለሁለት ተከፈልን። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እኔ እኮ ከፍዬ ነው የገባሁት፣ ልስማበት!» አለ የአክስቴ ልጅ። «አብሽር፣ እኛ በነጻ እንነግርሃለን» አሉት። ማዳመጫው ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አያውቅም።

እርግጥ ዝምታ የሚሻለው ቦታ አለ። ኦልድ ትራፎርድ ግድግዳው ላይ የካቲት 6 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰዓት አለ፤ ሙኒክ ላይ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ 23 ሰዎች፣ ከእነርሱም 8 የማንቸስተር ተጫዋቾች የሞቱበት ቀን ነው። እዚያ ሲደርስ አፉን መዝጋት የማያውቅ አስጎብኚ ሥራውን አያውቅም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ካለን ሜዳ ሁሉ ጉብኝት የሚገባው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፣ ሁለት ጊዜ ደረስንባት። በተጨማሪው ሰዓት መጀመሪያ ኢታሎ ቫሳሎ፣ ከዚያ መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፤ 4 ለ 2። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ የኢታሎ ወንድም፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ይህን የትኛውም ቴፕ በሁለት ደቂቃ ያነበንበዋል። ቴፑን የሚቸግረው ካታንጋ የተባለው የተመልካች ጥግ ነው። ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፤ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር፣ ከየትኛው ጥግ ምን ዓይነት ዘለፋ ይወረወር እንደነበር፣ ዝናብ ሲያካፋ ማን ወዴት ይሮጥ እንደነበር። ይህንን ያወጣውና ያቆየው ተመልካቹ ነው፤ የሚያውቁትም እያረጁ ነው። ስታዲየሙን የሚያድሱት ሰዎች ለአዲሱ ወንበር ቁጥር ሲለጥፉ አንድ ሁለት ሽማግሌ አስቀምጠው ቢጠይቁ ምን ይጎዳቸዋል?

ሽማግሌ ደግሞ የማይመቸውንም ይናገራል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ዳዋ ሆቴሳ እና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ባለሜዳ ተብለን የተመዘገብነው እኛ ነን። ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር፤ ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም አገር ውስጥ አልነበረንም። የጉብኝት ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ይህንን ዘሎ ያልፈዋል፣ እዚህ ቤት የሆነ ነገር አይደለማ። ካታንጋ ያረጀ ሰው ግን ሳይጠየቅ «እሷማ እዚህ መሆን ነበረባት» ብሎ ይጀምራል፤ ሲጨርስ ደግሞ ስለ ስታዲየሙ ከየትኛውም ሰሌዳ የበለጠ ነግሯችኋል።

ይህን ስል የሆጤው ሰውዬ ጻድቅ ነው ማለቴ አይደለም። ይዋሻል። በተለይ ኮምቦልቻ ሲነሣ ይዋሻል። ደሴ ከተማም ወሎ ኮምቦልቻም በከፍተኛ ሊግ የተጫወቱ ክለቦች ናቸው፤ በእርሱ ትረካ ግን ኮምቦልቻ ደሴ ላይ ያገባችው ጎል ሁሉ ከጨዋታ ውጪ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ፣ ሹራባችሁን አውልቃችሁ፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ዳር የቆመውን አቻውን ጠይቁት። ደሴ ያገባችው በሙሉ በእጅ ነው። «ደግሞስ ብርዱን አትቆጥረውም እንዴ? እግራችን ሳይሞቅ ነው እኮ የሚያገቡብን» ይላል። የሁለቱን ቃል የሰማ ሰው ውጤቱን አያውቅም፤ ጨዋታውን ግን አይቶታል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ከእነዚህ ሜዳዎች አንዱን ለጎብኚ ለመክፈት የሚያስብ ከመጣ መሣሪያ አይግዛ፣ አንድ አስጎብኚም አይቅጠር። ሁለቱን ሰዎች በአንድ ላይ ይቅጠርልን። አዲስ አበባም ላይ እንዲሁ፣ አንድ የጊዮርጊስ፣ አንድ የቡና ደጋፊ። ጎብኚው መሃላቸው ይሂድ፤ አንዱ ሲተርክ ሌላው «ወላሂ ውሸት ነው!» ይበል። አንድ ሰዓት የተባለው ጉብኝት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ጎብኚውም ለማያውቀው ክለብ ወግኖ፣ ድምፁ ተዘግቶ ይወጣል። ክፍያው እኩል ለሁለት ይካፈል። ከጉርሻው ማን አብልጦ እንደወሰደ ደግሞ ለሚቀጥለው ጎብኚ ሁለቱም በየፊናቸው ያስረዱታል።