በማዕድ ዙሪያ የሚሰማ ስብከት

ብዙ ሰዎች የሃይማኖት ትምህርት ከቤተ ክርስቲያንና ከመጽሐፍ ገጽ በቀር በሌላ ስፍራ የሚገኝ አይመስላቸውም። ነገር ግን ጌታችን ሕዝቡን ሲያስተምር ከምሳሌዎቹ ብዙውን የወሰደው ከቤት ውስጥ ነገር ነው። ዱቄት ስለምታቦካ ሴት፥ አንድ ድሪም ጠፍቶባት መብራት አብርታ ቤቷን ስለምትጠርግ ሴት፥ አባቱን እንጀራ ስለሚለምን ልጅ፥ በእኩለ ሌሊት የወዳጁን ደጅ ስለሚመታ ሰው ተናገረ። ስለዚህ ቤቱን ልብ ብሎ የሚመለከት ክርስቲያን ዕለት ዕለት ስብከት ሳይሰማ አይውልም።

የእኔ ሥራ በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍና መጠበቅ ነው። ወደ ችሎት ከሚቀርበው ነገር ሁሉ ልብን እጅግ የሚያሳዝነው የወንድማማችና የእኅትማማች የውርስ ክርክር ነው። አንድ ጡት ጠብተው ያደጉ ሰዎች ከሳሽና ተከሳሽ ተብለው በአንድ አግዳሚ ወንበር ዳርና ዳር ይቀመጣሉ፤ ዓይን ለዓይንም አይተያዩም። የሚከራከሩበት ነገር በመዝገቡ ላይ ቤት፥ ወይም ይዞታ፥ ወይም ጥቂት ገንዘብ ተብሎ ይጻፋል። ቃላቸውን ሲሰጡ ግን ብዙ ጊዜ ከገንዘቡ ቀድሞ የሚወጣው የቆየ ነገር ነው። አንዱ፥ «አባታችን እርሱን ሲያስተምር እኔን ከብት አስጠበቀኝ» ይላል፤ ሌላይቱም፥ «እናታችንን ያስታመምኋት እኔ ነኝ፤ እርሷ ለቀብር ብቻ መጣች» ትላለች። ዳኛው ቤቱን ሊያካፍል ይችላል፤ ይህነን ቍስል የሚያካፍልበት አንቀጽ ግን የለውም።

በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ ወንድሙ ርስቱን ያካፍለው ዘንድ እንዲነግርለት ጌታችንን ለመነው። ጌታችን ግን በመካከላቸው አካፋይ ዳኛ ለመሆን አልፈቀደም፤ ከመጐምጀት እንዲጠበቁ አስጠነቀቃቸው እንጂ። በዚያው ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ የሚገኘው የሁለቱ ወንድማማች ምሳሌም የሚዠምረው ገንዘብ በማካፈል ነውና፥ ለዚያ ሰው የቀረው መልስ በዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ይህነን ምሳሌ በቄስ ትምህርት ቤትም፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተምሬዋለሁ። በሁለቱም ስፍራ ስብከቱ ስለ ጠፋው ስለ ታናሹ ልጅ ነበረ። ስለ ታላቁ ልጅ የተማርሁት ግን በቤቴ ነው።

ባንድ የበዓል ቀን የ12 ዓመት ልጃችን ከጧት ዠምራ ቤት ስትጠርግ፥ ሽንኩርት ስትከትፍ፥ ለእንግዳ ቡና ስታፈላ ዋለች። የ9 ዓመት ወንድሟ ግን ኳስ እጫወታለሁ ብሎ እንደ ወጣ እስኪመሽ ድረስ ጠፋ። ጎረቤት ሁሉ ሲፈልገው ቆይቶ በመጨረሻ ጭቃ ለብሶ መጣ። እናቱም ከድንጋጤዋ የተነሣ አቅፋ አለቀሰች፤ እግሩን አጠበችው፤ ከወጡም ደኅናውን ብልት አወጣችለት። ይህነን ጊዜ ልጅቱ ምንም ሳትናገር ከማዕዱ ተነሥታ በደጃፍ ተቀመጠች። በማዕዱ የነበሩት ዘመዶች፥ «ተዋት፥ ሲርባት ትመጣለች» አሉ።

ባለቤቴ ግን እጇን ታጥባ ወጣችና ከአጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቱም፥ «እማዬ፥ እኔ ቀኑን ሙሉ ስሠራ ዋልሁ፤ ማንም አላየኝም። እርሱ ጠፍቶ ሲመጣ ግን ደኅናው ወጥ ለእርሱ ሆነ» አለቻት። እናቷም፥ «የኔ እመቤት፥ እኔ አይቼሻለሁ። ሽንኩርቱ ዓይንሽን ሲያቃጥልሽም አይቻለሁ። እርሱን ያቀፍሁት ካንቺ በልጦብኝ አይደለም፤ ሞቶ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነው። አንቺ የሌለሽበት ማዕድ ለእኔ አይጥመኝም» ብላ መለሰችላት። ልጅቱ ወዲያው አልገባችም፤ እናቷም አልቸኰለችባትም። ወጡ እስኪበርድ ድረስ በውጭ ተቀምጠው ቆዩ፤ ከዚህ በኋላ ተያይዘው ገቡ።

በዚያ ማታ ወንጌሉን ገልጬ ባነብ የምሳሌው አባት ሁለት ጊዜ ከቤት እንደ ወጣ አስተዋልሁ። ለታናሹ ሮጦ ወጣ፤ ለታላቁም ወጥቶ ለመነው። ግብዣ ሞልቶ፥ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ አሽከር አልላከም፤ ራሱ ወጣ እንጂ። ታላቁ ልጅ ገብቶ እንደ ሆነ ወይም በውጭ ቀርቶ እንደ ሆነ ወንጌሉ አይናገርም። እኔ በመዝገብ ቤት የማየው ሳይገቡ የቀሩትን ነው።

ለወላጆች የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው። ይስሐቅ ዔሳውን፥ ርብቃም ያዕቆብን አብልጠው ስለ ወደዱ ወንድማማች ተሳደዱ። ያዕቆብም ይህነን እያወቀ ለዮሴፍ ብቻ ልዩ ቀሚስ አደረገለትና ልጆቹ ተጣሉ። የታዘዘውን ሳያጓድል የሚሠራ ልጅ ችግር ስለማያመጣ ብቻ ሳይታይ ይኖራል። «አይቼሃለሁ» የሚለው ቃል ገንዘብ አይፈጅም፤ ቃሉ ሳይነገር በቀረበት ቤት ግን ጕድለቱ ከርስት ክፍያ በኋላም አይሞላም።

ይህነን ስል ፍርድ መጠየቅ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ ለድኻ አደጉና ለመበለቲቱ እንዲፈረድላቸው አዝዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሟች ልጆች ሁሉ እኩል እንዲወርሱ ይደነግጋል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ሴቶች በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። ስለዚህ ወንድሞች እኅታቸውን፥ «ስለ ሰላም ብለሽ ድርሻሽን ተዪልን» ቢሏት፥ ነገሩ ቅሚያ ነው እንጂ ዕርቅ አይባልም። እውነተኛ ዕርቅ የተበደለውን ሰው ድርሻውን ሰጥቶ፥ ከዚያም በላይ ልቡን የሚፈልግ ነው።

በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃን ፊደል ቈጥሮ ሲጨርስ ንባብ የሚዠምረው በመጀመሪያይቱ የዮሐንስ መልእክት ነው። ይህችም መልእክት የሚታየውን ወንድሙን የማይወድ ሰው የማይታየውን እግዚአብሔርን ሊወድ እንደማይችል ታስተምራለች። አባቶቻችን ለሕፃን ንባብ ይህችን መምረጣቸው መልካም አደረጉ፤ የሚታየው ወንድም ለሕፃኑ በዚያው ማዕድ ከአጠገቡ ተቀምጧልና።

እንግዲህ የቤት አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ከማዕድ ተነሥቶ የወጣውን ልጅ ሲርበው ይመጣል ብላችሁ አትተዉት። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ በደጃፍ ያለ ኵርፊያ ባንድ መልካም ቃል ይመለሳል፤ ዓመታት ከቈየ በኋላ ግን የመዝገብ ቍጥር ይሰጠዋል። አካሎቻችሁም አድጋችሁ የተለያያችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ሌላው ይምጣ ሳትሉ ቀድማችሁ ውጡ። የሰላም አምላክ በየቤታችን ይህነን ብርታት ይስጠን።