ስለ ጠገራ ብር ማብራት

በባሮ ዳር በጋምቤላ ከተማ ጠገራ ብር ከአሮጌ ሣጥን ውስጥ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ስፍራ ለንግድ ጣቢያ ስለ ተፈቀደ፥ የምዕራቡ አገር ቡና ወንዙ በክረምት ሲሞላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር፤ የዚያ ዘመን ነጋዴም አምኖ የሚቀበለው የማሪያ ትሬዛን ብር ነበረ።

እኛም የእናታችንን ቅርስ ለሦስት ስንካፈል 12 ብር ተገኘ። ዐሥራ አንዱ ጠቍሯል፤ አንዱ ግን እንደ መስተዋት ያበራል። ታናሽ ወንድማችን፥ ይህ ለሰብሳቢዎች ተለይቶ የሚሠራው «ፕሩፍ» የሚባለው ነውና ዋጋው ከሁሉ ይበልጣል አለ፤ እኅታችንም እንኪያስ ለእኔ ይድረሰኝ አለች። በእናት ገንዘብ ወንድምና እኅት እንዳይቀያየሙ ነገሩን መመርመር ግድ ሆነብን።

ዓመቱን አይቶ መለየት አይቻልም። ንግሥቲቱ ካረፉ በኋላ በቪየና፥ በሮማ፥ በለንደንና በቦምቤይ የታተመው ሁሉ ያው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1780 ተጽፎበታል፤ ቪየናም በፕሩፍ ሥራ የሚያወጣው ይህኑ ዓመት ይዟል። ስለዚህ መታየት የሚገባው አሠራሩ ነው። ለፕሩፍ የሚታተመው ብርና መልኩን የሚያትመው ብረት አስቀድመው ይወለወላሉ፤ ከዚያም በብርቱ ኀይል ደጋግሞ ይመታል። ስለዚህ ባዶው ሜዳ ፊት ያሳያል፤ ከፍ ያለው ሥዕል ብዙውን ጊዜ እንደ ውርጭ ነጣ ይላል፤ ጠርዙም የተሳለ ነው። በገበያ ያልዞረው ተራ ብር ግን እንደ መስተዋት አይሆንም። በመብራት ፊት ቀስ ብለው ሲያዘነብሉት ብርሃኑ እንደ መንኰራኵር ጨረር ይዞራል፤ በከረጢት ውስጥ እርስ በርሱ ስለሚጋጭም ጥቂት ጭረት ቢኖርበት ነውር አይደለም።

የእኛው ብር በዚህ ሥርዐት ሲታይ የንግሥቲቱ ጠጕር ተፍቆ ለስልሷል፥ ሜዳውም ወደ አንድ ወገን በተሰመረ ቀጭን ጭረት ተሞልቷል። እናታችን ለበዓል በአመድና በሎሚ የሚወለውሉት ነበር እንጂ ፕሩፍስ አይደለም። ከጠቈሩት አንዱ ግን የንስሩ ላባ ሳይጐድል ተገኘ፤ ሲያዘነብሉትም ከጥቍረቱ በታች ብርሃኑ ይዞራል። ወንድማችን ደስ ብሎት ይህም ይወልወል ቢል ከለከልነው፤ ውልወላው ያን ብርሃን ፈጽሞ ያጠፋዋልና። የሦስታችን ሆኖ ሳይሸጥ ይቀመጥ ዘንድ ተስማማን።

ሁለቱን አሠራር አስተያይቶ ዐይኑን ማስለመድ የሚወድ ሰው፥ በ1970 ዓ.ም. ለዱር አራዊት ጥበቃ የወጣውን፥ የደጋ አጋዘን የተሣለበትን የ25 ብር መሐለቅ ይመልከት፤ በፕሩፍም በተራውም ታትሟል። ሲይዙትም በጠርዙ ይሁን፤ እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃት አገር የጣት ላብ ምልክቱን ፈጥኖ ይተዋል። ፒቪሲ ከሚባለው ለስላሳ ላስቲክ ከረጢትም ማራቅ ነው፤ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣበታል።