የተዘጋ ኬላና የሁለት ሰው ስንቅ

በአውሮፕላን የሚሄድ መንገደኛ ድንበርን የሚያውቀው በካርታ ነው፤ በእግሩ፣ በአውቶቡስና በባቡር የሚሄድ ግን በጉልበቱና በኪሱ ያውቀዋል። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን አንባብያንን ወደ ደቡብ ካውካሰስ የምንወስደው በዚሁ በሁለተኛው ዓይነት አካሄድ ነው። ተጓዦቹም ከደመወዛቸው ባጠራቀሙት ጥቂት ገንዘብ፣ በየጀርባቸው አንዳንድ ሻንጣ አዝለው የተነሡ ባልና ሚስት ናቸው እንበል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጆርጂያ፣ አርሜኒያና አዘርባጃን እስከ 1991 ድረስ በሶቪየት ኅብረት ሥር ነበሩ። በዚያ ዘመን ከትብሊሲ ወደ የሬቫን ወይም ወደ ባኩ የሚጓዝ ሰው የሚይዘው ገንዘብ አንድ ሩብል ነበር። ዛሬ የጆርጂያው ላሪ፣ የአርሜኒያው ድራም፣ የአዘርባጃኑ ማናት ይባላል። ስለሆነም ቆጣቢ ባልና ሚስት ወደ ኬላ ሲቃረቡ የቀራቸውን የአገሩን ገንዘብ ለስንቅ ያውሉታል። ሩሲያኛ ግን ዛሬም በብዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አንደበት ስላለ፣ በወጣትነቱ ሶቪየት ኅብረት የተማረ ኢትዮጵያዊ አንጋፋ በዚያ ቢያልፍ መንገድ ለመጠየቅ አይቸገርም።

የጉዞው መነሻ ትብሊሲ ናት። ይህች ከተማ ምትክቫሪ በተባለው ወንዝ ግራና ቀኝ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ስሟ ከመሬቷ በሚፈልቀው ሙቅ የድኝ ውሃ ምክንያት የወጣ ነው ይባላል። ፍልውሃን ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ከትብሊሲ ወደ ሰሜን የሚወስደው ማርሽሩትካ የሚሉት ሚኒባስ ነው፤ ጠባዩም እንደ እኛው አገር ነውና ብዙውን ጊዜ ሳይሞላ አይነሣም። የሚሄድበት ጎዳና የጆርጂያ የጦር መንገድ ይባላል። የሩሲያ ጦር ሠራዊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካውካሰስን አቋርጦ እስከ ቭላዲካቭካዝ የሠራው፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መንገድ ነው። ለመድፍና ለስንቅ ጋሪ የተጠረገው ይህ ጎዳና ዛሬ የነጋዴ መኪናና የአገር ጎብኚ መተላለፊያ ሆኗል። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የመስቀል በር አልፎ ስቴፓንትስሚንዳ ለደረሰ ሰው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸችው የጌርጌቲ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከኮረብታው ላይ ትታየዋለች። ከበስተኋላዋ ከራስ ዳሸን የሚበልጠው፣ ከ5000 ሜትር በላይ የሆነው የካዝቤክ ተራራ ቆሟል። ወደ ኮረብታው በእግር መውጣት ትንፋሽ ካልሆነ በቀር ምንም አያስከፍልም።

በጉዞ ላይ ባልና ሚስትን የሚያጣላው የገንዘብ ማነስ ሳይሆን ሳይመካከሩ ማውጣት ነው። ጠዋት የቀኑን ወጪ ወስነው፣ አንዱ ቦርሳውን ሌላው ካርታውን ቢይዝ፣ በሚቀጥለው ቀንም ቢለዋወጡ ሸክሙ በአንዱ ላይ አይከብድም። ሁለት ችግሮችን በአንድ ዋጋ የሚያቃልለው ደግሞ የሌሊት ባቡር ነው። ማታ ከትብሊሲ ተሳፍረው ጠዋት የሬቫን ሲደርሱ የአልጋ ኪራይ ተርፎላቸዋል። በአርሜኒያ ስንቃቸው ላቫሽ ነው፤ በመሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጋገር፣ እንደ እንጀራ ስስ ሆኖ የሚጠቀለል ቂጣ ማለት ነው። በየሬቫን ጎዳናዎች ፑልፑላክ የተባሉ የድንጋይ ቧንቧዎች ቀዝቃዛ ውሃ ለማንም መንገደኛ በነፃ ያጠጣሉ።

የሬቫን ለኢትዮጵያዊ ጨርሳ ባዕድ አይደለችም። በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የሙዚቃ ጓድ አቋቁመዋል። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል። አርመኖች እንደ እኛው የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ማቴናዳራን በተባለው ቤተ መጻሕፍት የተጠበቁትን የብራና መጻሕፍት ያየ ኢትዮጵያዊ የአገሩን ገዳማት ማስታወሱ አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ይጠባል። ከየሬቫን ሆኖ ወደ ደቡብ ሲመለከቱ ከ5100 ሜትር በላይ የሆነው የአራራት ተራራ ከፊት ለፊት ይታያል፤ ተራራው ግን በቱርክ ግዛት ውስጥ ነው። ባቡሩ ሌሊት ያለፈበት የጉምሪ ከተማ ከቱርክ ከተማ ከካርስ የሚርቀው 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሆኖም በካራባህ ጦርነት ሳቢያ ድንበሩ በ1993 ስለተዘጋ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሚሆን ጊዜ መንገደኛው በጆርጂያ መዞር ግድ ሆኖበታል። ወደ አዘርባጃን የሚወስደውን በር የዘጋውም ያው ጦርነት ነው። በ2020 ውጊያው እንደገና ተቀሰቀሰ፤ በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ ከ100,000 በላይ አርመኖች ካራባህን ለቀው ተሰደዱ። በጆርጂያ ዞሮ ባኩ ለመግባት ለሚያስብም፣ አዘርባጃን በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የምድር ኬላዎቿን ለመንገደኛ ዘግታ ለዓመታት ሳትከፍት ቆይታለች። አውሮፕላን የቀረው አማራጭ ሲሆን የባልና ሚስቱ ቦርሳ አይፈቅድምና ጉዟቸው እዚህ ላይ ያበቃል። ለእነርሱ የቀረባቸው አንድ ከተማ ማየት ነው፤ ለድንበሩ ነዋሪ የቀረበት ግን ገበያው፣ ዘመዱና የአባቶቹ መቃብር ነው።

ይሁን እንጂ የተዘጋ ኬላ ሁሉ ለዘለዓለም ተዘግቶ አይቀርም። በዲሴምበር 7 ቀን 1988 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ጉምሪንና አካባቢዋን አፍርሶ 25,000 ያህል ሰው ፈጅቷል። በፌብሩዋሪ 2023 ቱርክ በተራዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ እርዳታ የጫኑ የአርሜኒያ መኪናዎች ለሠላሳ ዓመት ተዘግቶ የኖረውን የማርጋራ ድልድይ ተሻግረው ገቡ። በኦገስት 2025ም የአርሜኒያና የአዘርባጃን የሰላም ስምምነት ረቂቅ ዋሽንግተን ላይ የመጀመሪያ ፊርማ አግኝቷል። ኬላ የሚጠብቅ ወታደር በሩን መዝጋት ተግባሩ እንደሆነ ያውቃል፤ የእርዳታ መኪና ሲመጣ በሩን የሚከፍተውም እርሱ ነው።