ሥራው ድንበር ይሻገራል፣ ከሴት እጅ ግን አይወጣም

ቤሩት ውስጥ የሀገሩን ሰው የሚፈልግ እሁድ ዶራ ወይም ቡርጅ ሐሙድ ይሂድ። ሳምንቱን ሙሉ በየፎቁ ተበትኖ የሚውለው ወገን ያን ቀን እዚያ ይገናኛል። እንጀራና በርበሬ የሚሸጥባቸው ሱቆች፣ ጸጉር ቤቶችና ገንዘብ መላኪያዎች ጎን ለጎን ናቸው። ዕቁብ ይወጣል፣ የታመመች ትጠየቃለች፣ የሞተች እንደሆነ አስከሬኗን ወደ ሀገር ለመሸኘት ይዋጣል። የማይመጡም ብዙ ናቸው። የእረፍት ቀን ያልተሰጣት፣ ማዳሟ ስትወጣ በር የሚቆለፍባት እህታችን እሁድን የምታየው ከበረንዳ ላይ ሆና ነው።

እኔም የመጣሁት በኮንትራት ነበር። የገባሁበት ቤት ማዳም ባንክ ትሠራለች፤ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ሁለት ሕፃናትና ከአልጋ የማይነሱ አማት አሉ። በሊባኖስ የሕፃናት ማቆያ ለተራ ደሞዝተኛ ውድ ነው፤ አዛውንትንም የሚጦረው ቤተሰብ እንጂ መንግሥት አይደለም። ስለዚህ ማዳም ቢሮዋ እንድትገባ እኔ ሞግዚትም፣ አስታማሚም፣ ወጥ ሠሪም ሆንኩ። የእኔን ልጅ ደግሞ ደሴ ላይ እናቴ ያዘችልኝ። እናቴ ብቻዋን ስላልቻለች ታናሽ እህቴ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ዋለች።

አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር አርሊ ሆክሽልድ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለዚህ ቅብብሎሽ ሲጽፉ ዓለም አቀፍ የእንክብካቤ ሰንሰለት ብለውታል። እኔ በሰንሰለቱ ውስጥ ኖሬ ያየሁት፣ ሥራው ሀገር አቋርጦ ሲሄድ ወንዶቹን አለመንካቱን ነው። የቤሩቱ ሚስተር ሚስቱ ደሞዝተኛ ስለሆነች ሳህን አላነሳም። የደሴው ወንድሜም በምልከው ገንዘብ ባጃጅ ሲገዛ፣ ልጄን ማጠብና ትምህርት ቤት ማድረስ የእሱም ድርሻ ሊሆን እንደሚችል አላሰበም።

ሊባኖሳውያን ድሮ ለቤት ሥራ የሚቀጥሩት ከገጠራቸው፣ ከሶርያና ከግብፅ የሚመጡ ልጃገረዶችን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1990 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ወቅትና ከዚያ በኋላ ቦታውን ስሪላንካውያን፣ ፊሊፒናውያንና እኛ ያዝነው። ደሞዝ የሚተመነው በፓስፖርት ነው፤ ለአንድ ዓይነት ሥራ ፊሊፒናዊቷ የበለጠ ስታገኝ፣ ኢትዮጵያዊቷ ለረጅም ጊዜ በወር ከ150 እስከ 200 ዶላር ትቀጠር ነበር። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በ7ኛ አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓታል። የምትተዳደረው በከፋላ፣ ማለትም በአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ነው። ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ዋስ ከሆናት አሠሪ ከከፊሏ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ተበድላ ከቤት የወጣች ልጅ ያን ቀን ሕገወጥ ትባላለች።

የዚህ አሠራር ጉዳት በግልጽ የታየው ከ2019 በኋላ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ዶላር በ1,507 ገደማ ይመነዘር የነበረው ሊራ ተንኮታኮተ፤ በ2023 አንድ ዶላር በጥቁር ገበያ ከ100,000 ሊራ አለፈ። በጁን 2020 ደሞዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለው ሄዱ። ለእነዚያ ልጆች ምግብና መጠለያ ፍለጋ ከተሯሯጡት መካከል በ2017 የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» ይገኝበታል። በሴፕቴምበር 2020 የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር ሠራተኛዋ በፈቃዷ ሥራ እንድትለቅ የሚፈቅድ አዲስ ውል አወጣ፤ የሀገሪቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ግን ብዙም ሳይቆይ አገደው። በ2024ቱ ጦርነትም ቤተሰቦች ሲሸሹ ሠራተኞቻቸውን ትተው የሄዱ ነበሩ።

ሒሳቡን ስመለከተው ይቆጨኛል። የሊባኖስ መንግሥት ለሕፃናትና ለአረጋውያን እንክብካቤ ሊያወጣ የሚገባው ወጪ በእኛ ጉልበት ተሸፍኗል። ኢትዮጵያ ከምንልከው የውጭ ምንዛሪ ትጠቀማለች። እዚህ አብረውኝ የሠሩት ሴቶች ግን በሁለቱም ሀገር ጡረታ የላቸውም። የሰው እናት አንስተው ሲያስተኙ ወገባቸው የተጎዳ እህቶቼ፣ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው የራሳቸውን ወላጅ ማስታመም ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 ያጸደቀው 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ተከታታይ እረፍት እንዲኖራትና ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝ ያዛል። ሊባኖስ ግን አላጸደቀችውም። የሀገሬ ባለሥልጣናት ስለ እኛ ለመደራደር ሲቀመጡ የደሞዝ ወለል ብቻ ይዘው እንዳይነሱ እለምናለሁ። ከአሠሪም ከሠራተኛም የሚቆረጥ፣ ሀገር ስንገባ አብሮን የሚገባ የጡረታ ቁጠባ ይጠይቁ። ሠራተኛዋ ከፊሏን መቀየር እንድትችልም ይሟገቱ።

የቤታችን ድርሻ ግን ድርድር አይጠብቅም። ባለፈው ዓመት ለወንድሜ ደውዬ፣ ገንዘቡ የሚቀጥለው እህታችን የማታ ትምህርት ከተመዘገበች ነው አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ እናቴም አዘነች። አሁን ልጄን ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው፤ እህቴም ካቆመችበት ቀጥላለች። ወደ ሀገር ገንዘብ የምትልክ እህቴ ሁሉ ይህን እንድትጠይቅ እፈልጋለሁ፤ ብሩን የምናገኘው በጉልበታችን ነውና የቤቱን ሥራ ማን እንደሚሠራ ለመናገር መብት አለን።