ከአባቴ የእህል ደብተር ያገኘሁት ትምህርት

ልጅን ማሳደግ ከሥራ ሁሉ የከበደ ሥራ መሆኑን የማያውቅ ወላጅ የለም፤ ነገር ግን ልጅን በምን ሚዛን መመዘን እንደሚገባ የምናስብ ጥቂቶች ነን። አንዳንዶቻችን ልጃችን አንደኛ በወጣ ቀን በደስታ አገሩን እናዳርሳለን፤ ወደ ኋላ በቀረ ቀን ደግሞ ከጎረቤት ልጅ ጋር እያስተያየን እናሳፍረዋለን። እኔም ከነዚህ እናቶች አንዷ ነበርሁ። ከዚህ ጥፋቴ የመለሰኝ የሊቃውንት መጽሐፍ ሳይሆን የሟቹ አባቴ የእህል ደብተር ስለ ሆነ፣ ምናልባት ሌላውን ወላጅ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ታሪኩን ለአንባቢዎች ላጫውት አሰብሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን እስከ ዘንድሮ ድረስ አንደኝነትን ለሌላ ልጅ አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም ነበር። በዚህ ዓመት በመጀመሪያው መንፈቅ ግን ዘጠነኛ ወጣ። የውጤቱን ወረቀት አጥፎ ከጓዳ፣ ከእህል ጆንያ ሥር ደብቆት ሳለ አገኘሁትና፣ «እኔ ከማለዳ እስከ ማታ የምለፋው ለዘጠነኛ ነውን?» ብዬ በጎረቤት ፊት ተቈጣሁት። ልጁ አላለቀሰም፤ አልመለሰልኝምም። ወጥቶ ወደ አያቱ ቤት ሄደ፤ እራትም ሳይበላ ዐደረ። በማግሥቱ ማለዳ እናቴ ወደ እኔ መጥታ፣ «ልጅሽ ማታ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እማዬ የምትወደው አንደኛውን ነው እንጂ እኔን አይደለም› አለኝ» ብላ ነገረችኝ። ይህን ባለችኝ ጊዜ የተሰማኝን ኀፍረት በቃል ለመግለጽ አልችልም። እናቴም ከነጠላዋ ሥር አንድ አሮጌ ደብተር አውጥታ፣ «አባትሽ ቢኖሩ የሚሰጡሽ ይህንን ነበር፤ እንኪ፣ ለልጁ አንብቢለት፤ አንቺም አንብቢው» ብላ ሰጥታኝ ሄደች።

አባቴ በመርሳ ገበያ እህል ነጋዴ ነበሩ። መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ገበያዋ ደማቅ ነው፤ አባቴም ከሀብሩ ገበሬ ጤፍና ማሽላ እየገዙ ከወልድያና ከደሴ ለሚመጡት ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር። ትምህርታቸው ጥቂት ቢሆንም ለቍጥር የነበራቸው ጥንቃቄ እጅግ ያስደንቅ ነበር። ደብተራቸው «የገባ» እና «የወጣ» በሚል በሁለት ዐምድ የተከፈለ ሲሆን፣ ከአንድ ኩንታል ሁለት ኪሎ ቢጎድል እንኳ «ጎደለ» ብለው ይጽፉ ነበር። «የሞላውን ብቻ የሚጽፍ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያታልለው ራሱን ነው» ይሉን ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ ቤታችንን ዘግተን ወደ ደሴ ሸሽተን ነበርና፣ ስንመለስ ሚዛኑም ጆንያውም ተወስዶ ደብተሩን ብቻ ከመሬት ወድቆ አገኘነው። አሮጌ ወረቀት ማን ይፈልጋል!

ይህ ደብተር ከፊቱ የእህል ሒሳብ ነው፤ ገልብጠው ከኋላው ሲከፍቱት ግን ሌላ ሒሳብ ይገኝበታል። ይኸውም የአርሲው ገበሬ ልጅ የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሒሳብ ነው። ኃይሌ በሩጫ ዘመኑ በልዩ ልዩ ርቀት 27 ጊዜ የዓለምን ክብረ ወሰን እንደ ሰበረ ይቈጠርለታል። አባቴ ከሬዲዮ የሰሙትን ቀኑን፣ አገሩን፣ ርቀቱንና ሰዓቱን አንድ ሳያስቀሩ ለመጻፍ ይጥሩ ነበር፤ እኔም ልጅ ሳለሁ የሰከንዱን ቍጥር እንዳልረሳባቸው በጆሮዬ ይዤ የማቆይላቸው እኔ ነበርሁ።

የመጀመሪያው መስመር፣ «ግንቦት 27 ቀን 1986 ዓ.ም.፤ ሄንግሎ፣ ሆላንድ አገር፤ 5,000 ሜትር፤ 12 ደቂቃ ከ56.96 ሰከንድ፤ ገባ» ይላል። የሞሮኮው ተወላጅ ሰዒድ አዊታ ሰባት ዓመት ያህል ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን ኃይሌ የወሰደበት ቀን ይህ ነበር። በ1987 ዓ.ም. በዚያው በሄንግሎ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ43.53 ሰከንድ ፈጸመ። በዚያው ሰሞን የኬንያው ሞሰስ ኪፕታኑይ የ5,000 ሜትሩን ቢወስድበት ኃይሌ ነሐሴ 10 ቀን በዙሪክ ከተማ በ12 ደቂቃ ከ44.39 ሰከንድ አስመለሰው፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ቀነሰለት ማለት ነው። አባቴ ይህን ለእኛ ለልጆች ሲያስረዱን፣ የፊተኛው ባለ ክብረ ወሰን አብሮት ቢሮጥ ኖሮ ኃይሌ ሲደርስ እርሱ ገና 70 ሜትር ያህል ይቀረው ነበር እያሉ ከቤታችን ደጅ እስከ መንገዱ ድረስ በእግራቸው ይለኩልን ነበር።

ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ይህን ሁሉ ባነበብሁለት ጊዜ ፊቱ አልፈታም። «እርሱማ ሁልጊዜ አንደኛ ነው» አለኝ። እኔም ገጹን ገለጥሁ። በ1989 ዓ.ም. ሰኔ 27 ቀን በኦስሎ 10,000 ሜትር 26 ደቂቃ ከ31.32 ሰከንድ፣ ነሐሴ 7 ቀን በዙሪክ 5,000 ሜትር 12 ደቂቃ ከ41.86 ሰከንድ፣ ሁለቱም «ገባ» በሚለው ዐምድ ተጽፈዋል። ከነዚህ በታች ግን በዚያው ቀለም፣ በዚያው የእጅ ጽሕፈት እንዲህ የሚል አለ፤ «ነሐሴ 16 ቀን፤ ብራስልስ። ዳንኤል ኮመን 12 ከ39.74፤ ፖል ቴርጋት 26 ከ27.85። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ወጡ»።

በእውነትም ኃይሌ በዚያች አንዲት ሌሊት ሁለቱን ክብረ ወሰኖች በሁለት ኬንያውያን ተነጥቋል፤ የ5,000 ሜትሩ በእጁ የቈየው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር። ዘጠኝ ወር ካለፈ በኋላ ግን ግንቦት 24 ቀን 1990 ዓ.ም. በሄንግሎ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ፣ ከዚያም በ12ኛው ቀን ሰኔ 6 በሄልሲንኪ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ39.36 ሰከንድ ሮጦ ሁለቱንም አስመለሰ። ልጄ ጣቱን በመስመሩ ላይ አድርጎ፣ «አያቴ የተሸነፈበትን ለምን ጻፉት?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህ ጥያቄ በ1996 ዓ.ም. የሆነውን አንድ ነገር አሳሰበኝ። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስሆን፣ ሕንዳዊ መምህራችን በአገራቸው እጅግ ስለሚወደደው ክሪኬት ስለሚባለው ጨዋታ ያጫውቱን ነበር። በዚህ ጨዋታ ኳሱን በሰፊ እንጨት የሚመታ ሰው ብቻውን መቶ ነጥብ ሲሞላ ታላቅ ክብር ይሆንለታል፤ ስንት ጊዜ መቶ እንደ ሞላም በስሙ ይቈጠርለታል። ቪሬንደር ሴህዋግ የሚባለው ሕንዳዊ ጨዋታውን ከሚከፍቱት አንዱ ሲሆን፣ ሌሎቹ በመጀመሪያው ሰዓት ተጠንቅቀው ሲጫወቱ እርሱ ግን ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምሮ በኃይል ይመታ ነበር። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በሜልቦርን 195 ነጥብ ከያዘ በኋላ በአንድ ምት ስድስት ጨምሮ ሁለት መቶን ሊሻገር ሲል ኳሱ በአየር ላይ ተቀለበበትና ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት በሙልታን፣ በፓኪስታን አገር፣ 295 ሲደርስ ሰው ሁሉ አሁንስ ይጠነቀቃል ሲል፣ እንደ ፊተኛው በኃይል መትቶ በስድስት ነጥብ ሦስት መቶን አለፈ፤ ከሕንድም ሰዎች ይህን ያደረገ የመጀመሪያው እርሱ ሆነ። ኋላም ጨዋታውን እስኪተው ድረስ ብዙ ቀን በሚፈጀው ጨዋታ 23 ጊዜ፣ በአንድ ቀን በሚያልቀው 15 ጊዜ መቶ ሞልቷል።

ለክረምት ዕረፍት መርሳ በገባሁ ጊዜ ይህን ለአባቴ ብነግራቸው ስለ ሦስት መቶው አልጠየቁኝም። «ያች መቶ ዘጠና አምስት ተጻፈችለት ወይስ ተሰረዘችበት?» አሉኝ። ተጽፋለታለች አልኋቸው። «እንግዲያስ ደኅና ቈጣሪዎች ናቸው» ብለው ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ።

በዚያው ዓመት የኃይሌ ሁለቱ ክብረ ወሰኖች እንደ ገና ሄዱ። ቀነኒሳ በቀለ ግንቦት 23 ቀን የ5,000 ሜትሩን፣ ሰኔ 1 ቀን የ10,000 ሜትሩን ወሰዳቸው። አባቴም፣ «ወጣ፤ ነገር ግን ከቤታችን አልወጣም» ብለው ጻፉ። ነሐሴ 14 ቀን በአቴንስ ቀነኒሳ አንደኛ ሲወጣ ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ባለ ድል የነበረው ኃይሌ በ10,000 ሜትር አምስተኛ ሆነ። ደብተሩም «5ኛ» ይላል። ሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን አቋረጠ፤ ይህም ተጽፏል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አዲሱ ሁለት ሺሕ ዓመት በባተ በ19ኛው ቀን፣ በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ ክብረ ወሰን አደረገ፤ በ2001 ዓ.ም. መስከረም 18 ደግሞ በዚያው ከተማ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መስከረም 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ይህንኑ ክብረ ወሰን ኬንያዊው ፓትሪክ ማካው ሲሰብረው ኃይሌ በዚያው ሩጫ ውስጥ ነበረ፤ አልጨረሰምም። አባቴ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የጻፉት የመጨረሻ መስመር ይህ ነው፤ «ወጣ። ነገር ግን ሒሳቡ ሙሉ ነው»።

ደብተሩን ልዘጋ ስል ልጄ ከሽፋኑ ውስጠኛ ፊት ላይ አንድ ሌላ ጽሕፈት አየና ስሜን አነበበ። ይህን እኔ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር። በ1989 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ነበር። በዚያ ክረምት አባቴ አንድም የቍጣ ቃል አልተናገሩኝም፤ ገበያ እየወሰዱ ሚዛን ብቻ ያስይዙኝ ነበርና ስለ ውድቀቴ ግድ የሌላቸው መስሎኝ ለብዙ ዓመት በልቤ አዝኜባቸው ነበር። በሽፋኑ ላይ ግን እንዲህ ይላል፤ «ነሐሴ 1989፤ ልጄ ፈተናውን አላለፈችም። እህሉ ለከርሞ ይደርሳል»። ከዚያ በታች፤ «1990፤ አለፈች። ገባ»።

እንባዬን መያዝ ስላልቻልሁ ልጁ ደነገጠ። እኔም እጁን ይዤ፣ «ልጄ ሆይ፣ ትናንት የበደልሁህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ እርሳሱን አነሣና፣ «እኔስ በየትኛው ዐምድ ልጻፍ?» አለኝ። «በቀኑ ጻፈው» አልሁት። ከእኔ ስም በታች «መጀመሪያ መንፈቅ፤ 9ኛ» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው መንፈቅ አራተኛ ወጣ፤ ይህም ተጽፏል። ወረቀቱን ግን ከጆንያ ሥር አልደበቀውም፤ ከደጅ ጀምሮ እየጠራኝ በእጁ አመጣልኝ። ለእኔ ከማንኛውም አንደኝነት የበለጠ ደስታ ይህ ሆነ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ የልጅም ሒሳብ በአንድ መንፈቅ አይዘጋም። ልጆቻችንን በትጋት እናስተምር፤ የሰነፈውንም እንገሥጽ፤ ይህ ግዴታችን ነው። ነገር ግን የሞላው ብቻ የሚጻፍበት ቤት የጎደለው ሁሉ የሚደበቅበት ቤት መሆኑን አንርሳ። ልጅ የጎደለበትን ሳይፈራ ይዞ የሚመጣበት ቤት ካለው፣ የጎደለውን የሚሞላበት ቀን አያጣም።