ከወንበሩ ሥር የቀረው ምርኩዝ

በአንድ ዶርም ስድስት ሆነን የምንኖር ነን። በአንድ የፈተና ሳምንት፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም፣ ከስድስታችን አንዱ ሆዱን ይዞ መጮኽ ጀመረ። እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ! ከታችኛው ፎቅ ሳይቀር «ምን ተፈጠረ?» እያሉ የወጡ ነበሩ። ስሙን አንጠራም፤ ይህችን ጽሑፍ ማንበቡ ስለማይቀር እሱ ይበቃዋል። በብርድ ልብስ ጠቅልለን አወረድነው፤ ዘበኛውን ለምነን የግቢውን በር አስከፈትን፤ ኪሳችንን አራግፈን ታክሲ ያዝን። ሹፌሩም የሰው ነገር ገብቶት ይሁን ወይም መቀመጫው እንዳይበላሽበት ሰግቶ፣ ቀይ መብራት እንኳ አላቆመውም።

የሄድንበትን ሆስፒታል ስም መጥራት አያስፈልግም። በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ከዘበኛው ቀጥሎ የካርድ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ወዲህ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ሰዉ በዚያ ወንበር ላይ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ተራ፣ እየተንፏቀቀ ወደ ድንገተኛ ክፍሉ በር ይጠጋል። ለበሩ ቅርብ በሆነው ጫፍ ላይ ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ከአንዲት ልጃገረድ ጋር ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ ብለዋል። በዚያ ብርድ ግንባራቸው በላብ ርሷል። አይናገሩም። ልጅቷ ጠጋ ብላ «አባባ፣ አሁንም ደረትዎን ነው?» ስትላቸው በራሳቸው ንቅናቄ ብቻ መለሱላት።

ይህን ሁሉ አይተናል። አላየንም ብንል ውሸት ይሆንብናል። ግን የጓደኛችን ጩኸት ጆሯችንን ደፍኖት ነበር። አንዳችን ከተረኞቹ መካከል የሚያውቀውን ኢንተርን አገኘ፤ የአንድ አገር ልጆች ናቸው። «ኧረ በናትህ፣ ልጁ ሊሞት ነው!» አለው። ሌላችን ከዘበኛው ጋር ተጨቃጨቀ። ሦስተኛችን፣ አሁን ሲያስታውሰው ያፍራል፣ ለተሰለፈው ሕዝብ ንግግር አደረገ። አዛውንቱ ቀና ብለው አዩንና «ግቡ ልጆቼ፣ እናንተ ቅደሙ፤ እሱ ይጮኻል» አሉ። ገባን።

ጓደኛችን መርፌ ተወጋ፤ ደምና ሽንት ሰጠ፤ ሐኪሙ ሆዱን ደጋግሞ ዳበሰና «ማታ ምን በልተህ ነበር?» አለው። ሊነጋጋ ሲል ሻይ ከነዳቦው ጠየቀን። ስንወጣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሌሎች ሰዎች ናቸው። አዛውንቱ የሉም፤ ልጅቷም የለችም፤ ምርኩዙ ግን ከወንበሩ ሥር ወድቋል። አንዲት ሲስተር እየተጣደፈች ስታልፍ ጠየቅናት። «የትኞቹ? እዚህ ቁጭ ብለው የወደቁት? ወደ ውስጥ ገብተዋል» አለችንና አለፈች። ምርኩዙን ለዘበኛው ሰጠነው። አዛውንቱ ምን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ለረጅም ጊዜም አልተነጋገርንበትም። ፈተናው አለቀ፤ ቀልዱ ሁሉ ስለ ጓደኛችን ሆድ ሆነ። ከመካከላችን ሁለቱ ሕክምና፣ አንዱ ነርሲንግ፣ አንዱ ስታትስቲክስ ያጠናሉ (የቀሩት ሁለቱ ምን እንደሚያጠኑ እነሱም እርግጠኛ አይደሉም)። የጥናት ርእስ መምረጫው ወቅት ደረሰና ነርሲንግ የሚያጠናው ልጅ አንድ ማታ ባለቀለም ሠንጠረዥ ያለበት ወረቀት ይዞ መጣ። ምንም ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ወዲያው ሁላችንም ያቺን ሌሊት አሰብን።

ወረቀቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ኬፕ ታውን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ያወጡት የትሪያጅ ሥርዓት ነው። ድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ሰው ገና በሩ ላይ እያለ ነርስ ትቀበለዋለች። ትንፋሹን ትቆጥራለች፤ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱን፣ ሙቀቱን ትለካለች፤ በእግሩ መጣ ወይስ ተሸክመውት? ሲጠሩት ይነቃል ወይስ አይነቃም? ትላለች። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥታ ትደምራለች። ከድምሩ ሌላ ደግሞ ብቻቸውን ቀለም የሚያሰጡ ምልክቶች አሉ። ቀይ የተሰጠው ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ማየት አለበት። በዚያ ሠንጠረዥ ላይ የደረት ሕመም ብርቱካናማ ነው። የሆድ ሕመም ቢጫ ነው።

እንግዲህ ይኸው። ሕክምና የሚያጠናው አንዱ «ሕመሙ እጅግ ከባድ ከሆነ እኮ ሆድም ቢሆን ወደ ብርቱካናማ ከፍ ይላል» ብሎ ሊከራከር ሞከረ። እውነቱን ነው፤ ጓደኛችን በጩኸቱ ቢመዘን ኖሮ ከብርቱካናማም ባለፈ። ግን እሱም ክርክሩን ሳይጨርስ ተወው።

ትሪያጅ የሚለው ቃል የፈረንሳይኛ ነው፤ መለየት፣ መልቀም ማለት ነው። ሐኪም ቤት ሳይገባ በፊት የሱፍና የቡና ለቀማ ቃል ነበር አሉ። ይህ ነገር በጣም ደስ አለን፤ ቡና ለቀማ የማያውቅ ማን አለ? ከሰው ጋር ያያዘውን ታሪክ ሲነግሩ ደግሞ ከናፖሊዮን ጦር ሐኪም ከዶሚኒክ ዣን ላሬ ይነሣሉ። ላሬ በጦር ሜዳ ላይ፣ መኮንን ይሁን ተራ ወታደር፣ የባሰ የቆሰለው ይቅደም የሚል ሐኪም ነበር። ማዕረግ አይታይም ማለቱ ነው። በእኛ ወንበር ላይ ግን ማዕረግ ነበረ፤ ኢንተርን ማወቅ ማዕረግ ነው፤ ድምፅም ማዕረግ ነው።

መጀመሪያ እኛም እንደ ሰው ሁሉ ራሳችንን በድህነት አጽናንተን ነበር። ሐኪም ቢበዛ፣ አልጋ ቢጨመር፣ መድኃኒት ቢኖር ያ ሁሉ አይሆንም አልን። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የብላንታየርን ወሬ ስናነብ አፋችንን ያዝን። ብላንታየር ማላዊ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ማላዊም ከእኛ የምትሻል ሀብታም አይደለችም። እዚያ ባለው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል የሕፃናት ክሊኒክ፣ ለክትባት የመጣውም፣ ጉንፋን የያዘውም፣ ነፍሱ ልትወጣ የደረሰውም ሕፃን አንድ ላይ ይጠብቅ ነበር። ኤልዛቤት ሞሊኖ የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የክሊኒኩን አሠራር መረመሩ። የክፍሎቹን አቀማመጥ ቀየሩ፤ ሠራተኞቹን በትሪያጅና በድንገተኛ ሕክምና አሠለጠኑ፤ በሽተኛው ከበር እስከ አልጋ የሚሄድበትን መንገድ አስተካከሉ፤ የውጪውን ክሊኒክና የተኝቶ ሕክምናውን ሰዎች አቀራረቡ። ክፍሉ እ.ኤ.አ. በጥር 2001 እንደገና ተከፈተ። ሆስፒታል ከገቡት ሕፃናት መካከል የሚሞቱት ከዚያ በፊት ከመቶ ከ10 እስከ 18 ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ከመቶ ከ6 እስከ 8 ሆኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ወጣ።

ስታትስቲክስ የሚያጠናው ጓዳችን ፊቱን አኮሳተረ። «በፊትና በኋላ ብቻ አይበቃም፤ በመካከል ሌላም ነገር ተለውጦ ሊሆን ይችላል» አለ። ልክ ነው፤ የሱ ሥራ መጠራጠር ነው። እኛ ግን እዚያ ቁጥር ላይ ከነጋቢያቸው አዛውንቱን አየናቸው።

ሌላም ጥናት አለ፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሣን። ትኩሳት ይዞት፣ እጅና እግሩ ቀዝቅዞ፣ ደሙ በቅጡ አልዘዋወር ብሎት ለሚመጣ ሕፃን በደም ሥሩ ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት በየመጽሐፉ የተጻፈ ሕግ ነበር። ማን ይከራከራል? ሕፃኑ ሲደክም እያየህ እጅህን አጣጥፈህ ትቆማለህ እንዴ? ካትሪን ሜይትላንድ የመሯቸው ተመራማሪዎች ግን በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ይህንኑ ሕግ ፈተኑት። 3,141 ሕፃናትን በዕጣ በሦስት ከፈሉ። (በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸው በጥናቱ ውስጥ የሉም፤ የእነሱ ነገር ሌላ ነው።) ለሁለቱ ክፍሎች ሁለት ዓይነት ፈሳሽ በፍጥነት ተሰጠ፤ ለሦስተኛው የዘወትር እንክብካቤው እንዳለ ሆኖ የፍጥነቱ ፈሳሽ ቀረ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው በአንደኛው ክፍል ከመቶ 10.6፣ በሌላው 10.5 ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው 7.3። ጥናቱ ከታሰበው በፊት እንዲቆም ተደረገ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ።

እነዚያ ሐኪሞች ሰነፎች አልነበሩም። ቸኩለው የሰጡት ከደግነት ነው። እኛም በዚያች ሌሊት የጮኽነው ጓደኛችንን ስለምንወድ ነው፤ አሁንም እንወደዋለን፣ የተበደረንን ባይመልስም። መቼም ከክፋት የመጣ ጥፋት ቢሆን ኖሮ መናዘዙ ይቀል ነበር።

በአገራችንም ነገሩ እንደድሮው አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ትሪያጅ የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት በርም አይተናል። ከሰሌዳው ሥር ሰው መኖሩ፣ ያም ሰው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መኖሩ፣ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ርእሳችንን መረጥን፦ በሽተኛው በሩን ከረገጠበት ደቂቃ አንሥቶ ባለሙያ እስኪነካው ድረስ ስንት ጊዜ ያልፋል? ፈቃድ አስጨርሰን ድንገተኛ ክፍል ሄድንና መጀመሪያ መዝገቡን ገለጥን። ስም አለ፤ ዕድሜ አለ፤ ቀን አለ። ሰዓት የለም! ሰውዬው በምሽት ይምጣ በንጋት፣ ሐኪም ያየው በአምስት ደቂቃ ይሁን በአምስት ሰዓት፣ ምንም አይታወቅም። የእኛ አዛውንትም በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ከሆነ የሰፈሩት፣ ስንት ጊዜ እንደጠበቁ የሚያውቀው ልጃቸውና እኛ ብቻ ነን። ሳይጻፍ የቀረን ነገር ስታትስቲክስ አያወጣውም። ተጠያቂ የለም፤ ቀኑ ተጽፏላ!

ስለዚህ በየተራ አንድ ደብተርና አንድ የእጅ ሰዓት ይዘን በሩ አጠገብ መቆም ጀመርን። ሌሊቱን ለሁለት ተካፍለነዋል። ሆዱን የታመመውም ተራ አለው፤ ከማናችንም ይበልጥ ሰዓት አክባሪ እሱ ሆኗል። መጀመሪያ ሰሞን ዘበኛው አልወደዱንም። «ደግሞ እናንተ ምን ልትሰልሉ ነው?» አሉን። ሲስተሮቹም ስሕተታቸውን የምንቆጥር መስሏቸው ነበር፤ ከመካከላቸው አንዷ ብቻዋን ስንት ሰው እንደምታስተናግድ ካየን በኋላ እኛው አፈርን። ሻይ እያመጣን ታረቅን።

ቆመን ስናይ አንድ ነገር ገባን። በዚያ በር የሚገባውን በሽተኛ ከሁሉ በፊት የሚያየው ሐኪምም ነርስም አይደለም፤ ዘበኛው ነው። ማን ተደግፎ እንደመጣ፣ ማን ከታክሲ ሲወርድ እንደተንገዳገደ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በመጽሐፎቹ ላይ ግን ዘበኛ የሚባል አላገኘንም። ስለዚህ ያቺን ባለቀለም ሠንጠረዥ አሳየናቸው፤ አንብበንም ነገርናቸው። ጥቂት ቆዩና «ታዲያ ላብ ያጠመቀው፣ የማይናገረው፣ እሱ የትኛው ላይ ነው?» ብለው ጠየቁን። ማናችንም ቶሎ መልስ አልሰጠንም።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ግርግር ነበር። የመኪና አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች መጥተው በሩ በጩኸት ተሞላ፤ ደብተር የያዘው ልጃችንም ወደዚያው ዞሯል። ዘበኛው ከኋላው መጥተው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«አንተ ልጅ፣ እዚያ ጥግ ያሉትን እናት ቶሎ ጻፋቸው። ሲስተሯን ልጠራ ነው፤ ዝም ብለዋል።»

ስምንት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ ብሎ ጻፈ።