የአብራሪው መነጽር

የእህቴ ልጅ አብራሪነት እየተማረ ነው። ለመስቀል ጫግኒ ሲመጣ፣ ስጦታ ይሁነው ብዬ ከገበያ ጥቁር መነጽር ገዛሁለት። ሻጩ «ፖላራይዝድ ነው፤ ነጸብራቅ የሚባል ድርሽ አይልም» ብሎኛል። በጫግኒ የቀትር ፀሐይ ሞክሬው ነበርና ኮራሁ።

ልጁ ግን አመስግኖ ዝም አለ። ኋላ ስልኬን ተቀብሎ መነጽሩን ከፊቱ ቀስ ብሎ አዞረው። ስክሪኑ ጠቆረ!

«ጋሼ፣ የበረራ መሣሪያዎቹም ስክሪን እንዲሁ ሊጠፋብኝ ይችላል። ከሌላ አውሮፕላን ላይ የሚመጣው ብልጭታም ነጸብራቅ ነው፤ እሱን ካላየሁ…»

እናቱ ቡና እየቀዳች ነበር፤ አልጨረሰውም።

ለካስ የአብራሪ መነጽር ሌላ ኖሯል። ቀለም የማያዛባ ግራጫ ይመረጣል፤ ከብርሃኑ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲያሳልፍ፣ አልትራቫዮሌቱን ግን እንዲያግድ ይመከራል። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ይህ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራልና። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለአሜሪካ ጦር አብራሪዎች የተሠራው መነጽር ዛሬ በቅርጹ ቢታወቅም፣ የተፈለገው ለመልክ ሳይሆን ለዓይን ነበር።

መነጽሩን አሁን እኔው አደርገዋለሁ፤ ለእግረኛ ማለፊያ ነው። ባጠለቅሁት ቁጥር ግን እደነግጣለሁ፤ በፍቅር ስም የልጁን ዓይን ልጋርድ ነበር።